ከአምፖሉ በፊት የመብራቱን ቤት

ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ የመለዋወጫ ሰፈር ገብቶ የፊት መብራት አምፖል የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለም ነው። «ነጭ አለ?» ይላል። ሻጩም ባለማራገቢያውን ኤልኢዲ ከሳጥኑ አውጥቶ በባትሪ ያበራለታል፤ «ጋሼ፣ ይሄኛውን ይውሰዱ፤ 20 ሺህ ሉመን ነው፣ ሌሊቱን ቀን ያደርግልዎታል» ይለዋል። ሱቁ ውስጥ ሲበራ በእርግጥም ዓይን አያስገልጥም። ገበያው በዚሁ ያልቃል። መኪናው ላይ ያለው የመብራት ቤት ለየትኛው አምፖል እንደተሠራ፣ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት ስንት እንደሆነ፣ የፊት ሽፋኑ ምን ያህል እንደደበዘዘ፣ ብርሃኑ መንገዱ ላይ የት እንደሚያርፍ የጠየቀ የለም። ስለ አምፖል ግዢ ሲነሳ ግን መጀመር ያለበት ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው፤ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ዓይን የወጋ አምፖል መንገድ ላይ ሲወጣ ከቀድሞው ያነሰ ሊያሳይ ይችላል።

ጉዳዩ የጌጥ አይደለም። ከከተማ እንደወጡ መንገዱ ጨለማ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ የሚነዳ ከብት፣ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ጎማው ፈንድቶ የቆመና ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ብቻ የተደረገለት የጭነት መኪና፣ ሁሉም በዚያው አስፋልት ላይ ናቸው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ሄዷል፤ በደረቅ አስፋልት መኪናው እስኪቆም ደግሞ ሌላ 35 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ድምሩ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ እግረኛ በደካማ አጭር መብራት ከዚህ ርቀት ላይታይ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ስለ አምፖል ስናወራ የምናወራው ስለ ሁለት ሰው ዓይን ነው፦ መሪውን ስለያዘው ሰውና ከፊት ለፊት ስለሚመጣው።

አምፖል ብርሃን ያመነጫል እንጂ ብቻውን መንገድ አያሳይም። ያንን ብርሃን ሰብስቦ ወደ መንገዱ የሚልከው፣ ከፊት ከሚመጣው ሾፌር ዓይንም የሚያርቀው የመብራቱ ቤት ነው፤ ማለትም ከአምፖሉ ጀርባ ያለው የሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ አንጸባራቂ፣ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ፕሮጀክተር የሚባለው ባለ ሌንስ ክፍል። ቤቱን የነደፈው መሐንዲስ እያንዳንዱን የአንጸባራቂውን ጎን ያሰላው ብርሃኑ ከአንድ ከተወሰነ ነጥብ ይነሳል ብሎ ነው። ነጥቡ ሲዛነፍ ስሌቱ ሁሉ ይዛነፋል።

ይህን ለመረዳት ኤች4 የሚባለውን አምፖል እጅ ላይ አድርጎ ማየት ይበቃል። ከቀድሞው ቪትዝ እስከ አሮጌው ሃይሉክስ ድረስ አገራችን ውስጥ በጣም የተለመደው እሱ ነው። ከብርጭቆው ውስጥ ሁለት ጥምዝ ሽቦዎች አሉ። ከፊት ያለው ሽቦ ከሥሩ ማንኪያ የሚመስል ትንሽ ብረት ተደርጎለታል፤ የአጭር መብራቱ ሽቦ ይህ ነው። ብረቱ ወደ ታች የሚወጣውን ብርሃን ስለሚጋርደው የሚበራው የአንጸባራቂው የላይኛው ግማሽ ብቻ ይሆናል፤ የላይኛው ግማሽ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ታች፣ ወደ አስፋልቱ ይመልሰዋል። ብረቱ ጠርዙ ላይ በአንድ በኩል በ15 ዲግሪ ዘንበል ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ብርሃኑ በመንገዱ ዳር በኩል ከፍ ብሎ እግረኛውን ያሳያል፣ በመሐል በኩል ግን ዝቅ ብሎ ይቆረጣል። ከኋላ ያለው ሁለተኛው ሽቦ ጋሻ የለውም፤ ረጅሙን መብራት የሚሰጠው እሱ ነው። አውራ ጣት በማታክል ብርጭቆ ውስጥ ያለው ይህ ሁሉ ሥራ ሚሊ ሜትር ሳይሳት የተቀመጠ ነው። ተመሳሳይ አምፖል ነው ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር፣ ኤልኢዲም ይሁን ዜኖን፣ መመዘን ያለበት ይህንን አቀማመጥ ምን ያህል እንደጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንግባ። ሃሎጅን ከቀድሞው ተራ አምፖል የሚለየው ብርጭቆው ውስጥ ባለው ጋዝ ነው። በተራው አምፖል ከሽቦው የሚተነው ተንግስተን ብርጭቆው ላይ እየተለጠፈ ያጠቁረዋል። ሃሎጅን ውስጥ ግን ጥቂት አዮዲን ወይም ብሮሚን አለ፤ የተነነውን ተንግስተን ይዞ መልሶ ሽቦው ላይ ያሳርፈዋል። ይህ ዑደት እንዲሠራ ብርጭቆው በጣም መጋል አለበት፤ ለዚህም ነው ትንሽ ሆኖ ከኳርትዝ የሚሠራው። ሲገጥሙ ብርጭቆውን በጣት አትንኩ የሚባለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የጣት ቅባት በግለቱ ተቃጥሎ ያንን ቦታ ከሌላው ይበልጥ ያግለዋል፤ ብርጭቆውም እዚያው ላይ ይዳከማል። ሳይታወቅ ከተነካ በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ለመኪና የተሠራው የመጀመሪያው ሃሎጅን ኤች1 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1962 አውሮፓ ውስጥ ወጣ። ባለሁለት ሽቦው ኤች4 በ1971 ተከተለ፤ ኤች7 የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። አሜሪካ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ መንገድ ላይ ነበረች። ከ1940 እስከ 1983 ድረስ ሕጓ የሚያዘው አምፖልና ቤቱ አንድ ላይ የታሸገ መብራት ስለነበር ሽቦው ሲቃጠል የሚጣለው መብራቱ በሙሉ ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በጃፓን መኪኖች ላይ የምናያቸው ኤችቢ3 እና ኤችቢ4፣ በሌላ ስማቸው 9005 እና 9006፣ ያ ሕግ ከላላ በኋላ የመጡ ናቸው። አሮጌዎቹ የላዳ ታክሲዎች ደግሞ ሃሎጅን እንኳ ያልሆነ 45/40 ዋት አምፖል ይዘው ነበር ከፋብሪካ የወጡት።

የስማቸው ቁጥር ደረጃ አይደለም። ኤች7 ከኤች4 ስለሚከተል ይበልጠዋል፣ ኤች11 ደግሞ ሁለቱንም ያስከነዳል ማለት ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው የአምፖሉን እግር፣ የሽቦውን ቦታና የሶኬቱን ዓይነት ነው። ከአንድ አምፖል በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን በሉመን ይለካል፤ በ13.2 ቮልት ሲለካ ኤች4 በአጭሩ 1,000፣ በረጅሙ 1,650 ሉመን ይሰጣል። ኤች7 1,500፣ ኤች11 1,350፣ ኤችቢ3 1,860 ነው። ሌላው ቀርቶ የፋብሪካው ዜኖን እንኳ 3,200 ሉመን ገደማ ነው። ሳጥኑ ላይ 20,000 ተብሎ የተጻፈ አምፖል ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር እውነት እንዳልሆነ ለማወቅ እነዚህን ቁጥሮች ማስታወስ ይበቃል።

የመኪናው ሞዴል አንድ መሆኑ ብቻውንም አያስተማምንም። አንድ ኮሮላ ለአሜሪካ ገበያ ሲሠራና ለአውሮፓ ወይም ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሠራ አምፖሉ ሊለያይ ይችላል። እኛ ጋ መኪና ከሁሉም አቅጣጫ ይገባል። ስለዚህ የድሮውን አምፖል ነቅሎ እግሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ወይም ይዞ መሄድ ከማንም ምክር ይሻላል።

ቮልት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር ነውና። የቤት መኪናና ሚኒባስ 12 ቮልት ነው፤ አይሱዙ ኤንፒአር፣ ሲኖትራክና አብዛኛው ከባድ መኪና 24 ነው። የ12ቱን አምፖል 24 ላይ ያስገባ ወዲያው ያቃጥለዋል፤ የ24ቱን 12 ላይ ያስገባ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ብቻ ያያል። ይህን የሚስተው ሰው ጥቂት ነው። የሚሳተው ሌላው ነው፦ ሃሎጅን በቮልት ላይ በጣም ስስ ነው። የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ የሚቀንሰው በ30 በመቶ ገደማ ነው። በተቃራኒው ቮልቱ 5 በመቶ ሲጨምር የአምፖሉ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል።

«መብራቴ ደከመ» ብሎ አዲስ አምፖል ከመግዛት በፊት መለኪያ ያለው ኤሌክትሪሻን ጋ መሄድ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ አጭር መብራቱ በርቶ፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ እዚያው አምፖሉ ሶኬት ላይ ይለካ። ባትሪው ላይ 14፣ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት ካሳየ ሁለቱ ቮልት በዛገ ሶኬት፣ በቀጠነ ገመድ ወይም ከቦዲው ጋር በሚያገናኘው በላላ ሽቦ ውስጥ እየቀሩ ነው፤ ከብርሃኑም ወደ 40 በመቶ የሚሆነው አብሮ ቀርቷል። አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ኤሌክትሪኩ በማብሪያው በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ይህ የተለመደ ነው። ወፍራም ገመድ ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ አድርጎ ማምጣት ያንኑ የቆየ አምፖል እንደ አዲስ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ግን የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ በ60/55 ምትክ 100/90 ዋት አምፖል ያስገባል። 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፒር ይስባል፤ 100 ዋት ከ8 በላይ። ለ5 አምፒር የተሠራው ገመድ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ አንጸባራቂው በሙቀቱ ይጨልማል። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚቀረው የተበላሸ ቤት ነው፤ ቤት ከተበላሸ ደግሞ የትኛውም አምፖል አይክሰውም።

ሃሎጅን ራሱ በብዙ መልክ ይሸጣል። ሳጥኑ ላይ 100 ወይም 150 በመቶ ተጨማሪ ብርሃን የሚል ሲታይ የሚወዳደረው ሕጉ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ጋር ነው፤ ያውም መንገዱ ላይ በተመረጠ ቦታ። አጠቃላይ ብርሃኑ ከተራው ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ሽቦው በጣም ተጠምዝዞና ጠበብ ብሎ በትክክለኛው ቦታ መቀመጡ ነው፤ ብርሃኑ ሩቅ ላይ ይሰበሰባል። ዋጋው በዕድሜ ይከፈላል፤ ሽቦው ይበልጥ ስለሚግል ቶሎ ይቃጠላል። ሌሊት አገር አቋርጦ ለሚነዳ ሰው የታወቀ ፋብሪካ ሠርቶት ከሆነ ገንዘቡን የሚመልስ ግዢ ነው እላለሁ። ከጧት እስከ ማታ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ታክሲ ግን ዕድሜው የረዘመው ተራ አምፖል ይሻላል።

ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ሃሎጅን ለማንም አልመክርም። ሃሎጅን በተፈጥሮው 3,200 ኬልቪን አካባቢ የሆነ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። ቀለሙን ወደ ነጭ ለማምጣት ብርጭቆው ሰማያዊ ሲቀባ ቀለሙ የሚሠራው ብርሃን እየወሰደ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው እንዲቀነስበት ነው ማለት ነው። ኬልቪን የብርሃን ቀለም እንጂ የብርሃን ብዛት መለኪያ አይደለም። ፋብሪካው የሚገጥመው ዜኖን እንኳ 4,300 አካባቢ ነው፤ 6,000ና 8,000 የሚሉት ለመንገድ የሚጨምሩት ነገር የለም።

ጉም ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ጣርማ በርን በጉም ያለፈ ሾፌር ረጅም መብራት ሲበራ ነጩ ተመልሶ ፊቱ ላይ እንደሚቆም ያውቃል። ቢጫ ብርሃን ጉምን ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው የቆየ እምነት ነው፤ ፈረንሳይ ከ1936 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. መኪኖቿ ሁሉ ቢጫ እንዲያበሩ ታዝዝ ነበር። የጉም ጠብታ ግን ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ሁሉንም ቀለም በእኩል ይበትነዋል። ቢጫው የሚጠቅመው ዓይንን የሚረብሸውን ሰማያዊ ስለሚያስቀር ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው በጉም መብራቱ አቀማመጥ ነው፤ ዝቅ ብሎ የተገጠመ፣ ሰፊና ከላይ ስለት ባለው ጠርዝ የተቆረጠ ብርሃን ከጉሙ በታች ያለውን የመንገድ ጠርዝ ያሳያል። የጉም መብራቱ ቤት ውስጥ ዜኖን የሚከት ሰው ይህንኑ ጥቅም ያጠፋዋል።

ዜኖን ሽቦ የለውም። ሁለት ጫፎች መካከል በጋዝ ውስጥ የሚዘል የኤሌክትሪክ ቅስት ነው የሚያበራው። ቅስቱ እንዲነሳ ከ20,000 ቮልት በላይ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ በ35 ዋት ብቻ ከኤች7 ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገጠመው በ1991 እ.ኤ.አ. በቢኤምደብሊው 7 ሲሪዝ ላይ ነው። የአምፖሉ ስም ላይ ያሉት ፊደላት መነበብ አለባቸው። ዲ2ኤስ ለባለ ፕሮጀክተር ቤት ነው፤ ዲ2አር ለባለ አንጸባራቂ ሲሆን ብርጭቆው ላይ ብርሃን የሚጋርድ ቅብ አለው። ዲ1 እና ዲ3 ማስነሻው ከአምፖሉ ጋር የተያያዘ ነው። ዲ3 እና ዲ4 ሜርኩሪ የሌላቸው፣ በ42 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ የቀድሞዎቹ ዲ1 እና ዲ2 ግን በ85። ስለዚህ በዲ2ኤስ ቦታ ዲ4ኤስ አይገባም። እየበራ ሳለም ሆነ ወዲያው እንደጠፋ ሶኬቱን መንካት አደገኛ ነው፤ ይህን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

የአውሮፓ ደንብ ከ2,000 ሉመን በላይ የሆነ አጭር መብራት ያለው መኪና ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያና የመብራት ማጠቢያ እንዲኖረው ያስገድዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያን ያህል ብርሃን ከኋላ ጭነት ሲጨመር ሽቅብ ካለ፣ ወይም ቆሻሻ ላይ ሲያርፍ ከተበተነ፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ያሳውራል። በኤች4 ቤት ውስጥ የሚከተተው የዜኖን ኪት ከእነዚህ አንዱም የለውም። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ረጅም የበራበት መስሎት ደጋግሞ ያበራል፣ ይሳደባል፤ የኪቱ ባለቤት ደግሞ አጭር ላይ ነኝ ብሎ ይገረማል። ሁለቱም የሚያዩትን ነው የሚናገሩት።

ከሁሉ የሚያከራክረው ኤልኢዲ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ድንቅ ነገር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሌክሰስ ኤልኤስ 600ኤች በአጭሩ መብራት፣ በ2008 አውዲ አር8 በሁሉም መብራቶች ከጀመሩት ወዲህ ሃሎጅንን ከአዲስ መኪና ላይ እያስለቀቀ ነው። እዚህ ላይ ግን ቤቱም አምፖሉም አብረው የተነደፉ ናቸው። ገበያ ላይ በሳጥን የሚሸጠው፣ በሃሎጅን ቦታ የሚገባው ኤልኢዲ ሌላ ጉዳይ ነው። የሃሎጅን ሽቦ ዙሪያውን በሙሉ ያበራል፤ ኤልኢዲው ግን በአንድ ቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ብርሃኑ በሁለት ወገን ብቻ ይወጣል። ብረቱ ከወፈረ ሁለቱ ወገኖች ይራራቃሉ፣ የብርሃኑ ምንጭ ከሽቦው ቦታ ይወጣል። ውጤቱ አፍንጫ ሥር ያለውን መንገድ እጅግ ያፈካና ሩቁን የረሳ ብርሃን ነው። ሾፌሩ ግን ይወደዋል፤ ቅርቡ ሲፈካ ብዙ ያየ ይመስለዋል፣ ዓይኑም ለዚያ ፍካት ስለሚጠብ ሩቁን ጨለማ ይበልጥ ያጣዋል።

ሙቀትም አለ። ኤልኢዲ ወደ ፊት ሙቀት ባይተፋም ጀርባው ይግላል፤ ማራገቢያው ለዚህ ነው። ማራገቢያው ቦታ ስለሚይዝ የጀርባው የጎማ ክዳን አልገጥም ሲል ክፍት ይተዋል፤ የመንገዳችን አቧራ በዚያ ገብቶ አንጸባራቂው ላይ ይተኛል። ሲግል ደግሞ ብዙዎቹ ከደቂቃዎች በኋላ ብርሃናቸውን ይቀንሳሉ፤ ሱቅ ውስጥ ለአፍታ ሲበራ ይህ አይታይም። ሬዲዮው መንጫጫትም፣ ዳሽቦርዱ ላይ የአምፖል ምልክት መብራትም የተለመደ ነው።

ታዲያ ጨርሶ አይገዛም ወይ? ጀርመን በ2020 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦስራም የሠራውን የኤች7 ምትክ ኤልኢዲ ፈቅዳለች፤ ግን ለተፈተኑ የመኪና ሞዴሎች ብቻ፣ በስም በተዘረዘሩበት። እንግሊዝ በበኩሏ ከ2021 ጀምሮ በዓመታዊው ምርመራ ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ ወይም ዜኖን የገባበትን መኪና መጣል ጀመረች። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ አምፖሉ የሚፈቀደው ከቤቱ ጋር ተፈትኖ ነው። እኔም ሰው ከገዛ አይቀር የሚከተለውን እንዲያደርግ እመክራለሁ። አንዱን ጎን በኤልኢዲ፣ ሌላውን በድሮው ሃሎጅን አድርጎ ሌሊት ግድግዳ ላይ ያብራ። የኤልኢዲው ሁለት ፊቶች ልክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር አለባቸው። ብርሃንና ጨለማ የሚለዩበት ጠርዝ ከሃሎጅኑ እኩል ስል ካልሆነ፣ ከጠርዙም በላይ የተበተነ ብርሃን ከታየ፣ ለሻጩ መመለስ ነው።

ዓይነቱ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥሩ ፈተና አለ። በአሜሪካ የሀይዌይ ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. 31 መካከለኛ መኪኖችን በጨለማ መንገድ ሞክሮ «ጥሩ» ያለው አንዱን ብቻ ነበር፤ ኤልኢዲ የተገጠመለትን ቶዮታ ፕሪየስ ቪ። ይኸው መኪና በሃሎጅን ሲመጣ «ደካማ» ተባለ። በጥሩው መብራት ሾፌሩ ቀጥ ባለ መንገድ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር እየነዳ አይቶ መቆም ሲችል፣ በቢኤምደብሊው 3 ሲሪዝ ሃሎጅን ግን ከ56 ከበለጠ አይችልም ነበር። ይህ ለኤልኢዲ የሚመሰክር ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ፈተና ኤልኢዲና ዜኖን የያዙ ውድ መኪኖችም ዝቅተኛ ውጤት አግኝተዋል። የለየው የመብራቱ ንድፍና ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለበት ከፍታ ነበር።

እኛን በተለይ የሚመለከተን የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቀኝ ትነዳለች፤ ጃፓንና እንግሊዝ በግራ። ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት ከፍ የሚያደርገው የግራውን ጎን ነው። እዚህ ሲመጣ ያ ከፍታ ቀጥታ በፊት ለፊቱ ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል፣ እግረኛው ያለበት የቀኝ ዳር ደግሞ ጨለማ ይሆናል። መሪው ወደ ግራ የተዛወረለት ወይም የተጋጨ መብራቱ በአገልግሎት ላይ በዋለ የጃፓን ዕቃ የተተካ መኪና የገዛ ሰው ሽፋኑ ላይ የተቀረጸውን ማየት አለበት። የአውሮፓ ምልክት ባለው መብራት ላይ፣ ከፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ወደ ቀኝዎ የሚያመለክት ቀስት ካለ መብራቱ ለግራ መንገድ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ለሁለቱም የሚስተካከል ማለት ነው፤ ቀስት ከሌለው ለእኛ መንገድ የተሠራ ነው። በዚህ ላይ አምፖል መቀየር አንዳች አይለውጥም።

ሽፋኑስ? ያሁኑ መኪኖች ሽፋን መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት ነው። ከላዩ የተቀባው መከላከያ በፀሐይ ሲያልቅ ቢጫ ይሆናል፣ ይሻክራል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ አይምርም። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባደረገው ሙከራ የደበዘዘ ሽፋን ያለው መብራት ከአዲሱ ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሰጥ አግኝቷል። የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ቀን ያጠራዋል። የሚበረክተው በውኃ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያሉ ፍቆ፣ አጽድቶ፣ ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ መቀባት ነው፤ ያለ ቫርኒሹ ከቀድሞው ፈጥኖ ይደበዝዛል። ገንዘቤ አንድ ሥራ ብቻ ያሠራል የሚል ሰው፣ ሽፋኑ ቢጫ ከሆነ፣ ከየትኛውም አምፖል በፊት ይህንን ያሠራ።

ከዚያ ማስተካከሉ ይቀጥላል። ለጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መኪናው ከግድግዳ 10 ሜትር ይቁም። የአምፖሉ መሐል ከመሬት ያለው ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበት። የአጭሩ መብራት ጠርዝ ከዚያ ምልክት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህ 1 በመቶ የሚባለው ነው። ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ መብራቱ ቤት ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ተጽፏል። ከኋላ የተጫነ ሚኒባስና ፒክአፕ አፍንጫው ሽቅብ ስለሚል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ ዘንግ ያለው ሾፌር ሲጭን ሊያዞራት ይገባል፤ ተሠርታ ሳትነካ የምታረጅ ነገር ናት።

ሲገዙ በክብ ውስጥ የተጻፈ የኢ ፊደልና ቁጥር አምፖሉ ራሱ እግር ላይ ይፈለግ፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 4 ኔዘርላንድ የፈቀዱት ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ ብቻ ኖሮ አምፖሉ ላይ ከሌለ፣ ወይም ሽቦው ብርጭቆው ውስጥ ተጣሞ ከታየ፣ ፊሊፕስ ወይም ኦስራም የሚለው ጽሑፍ ሊያታልል አይገባም። አንዱ ሲቃጠል ሁለቱንም መቀየር ብክነት አይደለም፤ ሁለቱ እኩል ሰዓት በርተዋል፣ ሁለተኛውም ሩቅ አይሄድም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ግን ጥያቄው መልኩን እየቀየረ ነው። ከተማውን የሞሉት ቢዋይዲዎችና ፎልክስዋገን አይዲዎች ላይ የሚቀየር አምፖል የለም። ኤልኢዲው ከቤቱ ጋር የታሸገ ስለሆነ አንዱ ክፍል ሲበላሽ የሚገዛው መብራቱ በሙሉ ነው፤ አንዳንዱም ከተገጠመ በኋላ በኮምፒውተር ከመኪናው ጋር መተዋወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው የባትሪውን ጤንነት እንደሚጠይቅ ሁሉ የአንዱን የፊት መብራት ዋጋና በስንት ጊዜ ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። መኪናውንም ማታ ይየው። ግድግዳ ላይ አብርቶ በብርሃኑ መሐል ጨለማ ቁራጭ መኖር አለመኖሩን ይፈትሽ፤ ኤልኢዲ በአንዴ ላይጠፋ፣ ክፍል በክፍል ሊሞት ይችላልና። ከሽፋኑ ውስጥ የውኃ ጠብታ ካለ፣ የመብራቱ ጆሮዎችም ተሰብረው የተለጠፉ ከሆኑ፣ መኪናው ከፊት ተመትቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ላይ ከመስማማቱ በፊት ኮፈኑን ያስከፍት።